ቁልፍ ሲዞር አልነሳ የሚል የድሮ ናፍጣ ትራክተር፦ የማስነሻ ክፍሎቹና የመፈተሻ ቅደም ተከተላቸው

ይህን መመሪያ የጻፍኩት አንድ ስህተት በየክረምቱ መግቢያ ሲደገም ስለማይ ነው። ዝናቡ መሬቱን ባለሰለሰበት ሳምንት፣ በቡሬ፣ በወምበርማ ወይም በሜጫ ወረፋ የያዙ ገበሬዎች ማሳቸው ዳር ቆመው ሲጠብቁ፣ የትራክተሩ ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። ባለቤቱ ምንም ሳይለካ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ለሁለት ቀን ይነሳለትና በሦስተኛው ቀን ያው «ጠቅ» ይመለሳል። ከዚያ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) ይፈታል፣ ቀጥሎም የቁልፍ ቤቱ ይቀየራል። እኔ ያየሁት አንድ ትራክተር በአንድ የእርሻ ወቅት ሁለት ባትሪና አንድ ሞተሪኖ ከተቀየረለት በኋላ ጥፋቱ የተገኘው ባትሪውን ከትራክተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘው የቦዲ ኬብል በሚታሰርበት ቡሎን ሥር ነበር፤ ትራክተሩ ሲታደስ ቦታው በቀለም ተሸፍኖ ኬብሉ በቀለሙ ላይ ታስሮ ኖሯል።

ስለዚህ ሳይለኩ ምንም ዕቃ አይግዙ። ሲለኩም ከባትሪው ጀምረው ወደ ሞተሩ በቅደም ተከተል ይሂዱ እንጂ ከመሃል አይጀምሩ።

መመሪያው የሚያገለግለው በፐርኪንስ ሞተር ለሚሠሩት ለማሲ ፈርጉሰን 135፣ 165፣ 240 እና 290፣ እንዲሁም ለተመሳሳይ ባለ 12 ቮልት የድሮ ናፍጣ ትራክተሮች ነው። በካንዴላ ለሚነሱ የቤንዚን ሞተሮች፣ ለምሳሌ ለትናንሽ የመስኖ ውሃ መሳቢያዎች፣ አያገለግልም።

በቅድሚያ ይህን ይረዱ፦ ናፍጣ የሚቀጣጠለው በሙቀት ነው

የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው፤ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው የካንዴላው ብልጭታ ነው። እነዚህ የናፍጣ ሞተሮች ግን ካንዴላ የላቸውም። ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር በኃይል ሲያምቀው አየሩ በጣም ይግላል፤ ኢንጀክተሩ በዚያ በጋለ አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭ ነዳጁ በራሱ ይነዳል። ሞተሩ እንዲነሳ እንግዲህ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ ሞተሪኖው ሞተሩን በበቂ ፍጥነት ማዞር አለበት፤ የሚገባው አየር ከመጠን በላይ መቀዝቀዝ የለበትም፤ አየር ያልተቀላቀለበት ናፍጣም ከኢንጀክተሩ መድረስ አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጀመሪያው ነው። ቀስ ብሎ የሚታመቅ አየር ሙቀቱን ለሲሊንደሩ ብረት እየሰጠ፣ በፒስተኑ ፋሻዎች ዳርም እያፈተለከ ስለሚወጣ ከሚፈለገው ግለት አይደርስም። ሞተሪኖው እየጎተተ ማዞሩ ብቻ «ኤሌክትሪኩ ደህና ነው፣ ችግሩ የናፍጣ ፖምፓው ነው» ለማለት አያበቃም። በደጋው ነገሩ ይብሳል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ቅዝቃዜው የባትሪውን አቅም ይቀንሳል፣ የሞተሩንም ዘይት ያወፍራል። ባሕር ዳር በቀትር ሲነሳ የዋለ ትራክተር እንጅባራ ላይ በማለዳ እምቢ ቢል፣ ቀድሞም የነበረበት ድካም ያን ዕለት መታየቱ እንደሆነ ይቁጠሩት።

ሁለቱን መንገዶች ይለዩ

የማስነሻው ኤሌክትሪክ በሁለት መንገድ ይጓዛል፤ ይህን ያልለየ ሰው ፍተሻውን አይጀምር።

ወፍራሙ መንገድ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስቶ በወፍራም ኬብል ወደ ሶሌኖይዱ፣ ከሶሌኖይዱም ወደ ሞተሪኖው ይገባል፤ ከሞተሪኖው ቤት ደግሞ በሞተሩ ብረትና በቦዲ ኬብሉ በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ከ200 አምፔር በላይ ሊያልፍ ይችላል። ቀጭኑ መንገድ ከባትሪው ወደ ቁልፍ ቤቱ፣ ከቁልፍ ቤቱ ወደ ማርሹ የደኅንነት ስዊች፣ ከዚያም ወደ ሶሌኖይዱ ትንሽ ጫፍ ይሄዳል። የቀጭኑ መንገድ ሥራ ሶሌኖይዱን ማዘዝ ብቻ ነው። ሶሌኖይዱ ሲታዘዝ ሁለት ነገር ይሠራል፦ የሞተሪኖውን ትንሽ ጥርስ ወደ ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጥርስ ይገፋል፣ ወዲያውም የወፍራሙን መንገድ በር ይከፍትና ሞተሪኖው እንዲዞር ያደርጋል።

ከእነዚህ ውጭ ሦስት ክፍሎች አሉ። ቴርሞስታርት የሚባለው፣ በአየር ማስገቢያው ቱቦ ላይ የተሰካ ማሞቂያ፣ ቁልፉ በማሞቂያ ቦታ ሲያዝ ግሎ ጥቂት ናፍጣ ያንጠባጥብና ያነደዋል፤ ሞተሩም ሞቅ ያለ አየር ይስባል። የማጥፊያው ገመድ ሲጎተት የናፍጣውን ፖምፓ ይዘጋል፤ በእነዚህ የድሮ ሞዴሎች ሞተሩን የሚያጠፋው ይህ ገመድ እንጂ ቁልፉ አይደለም። ዲናሞው ደግሞ ባትሪውን መልሶ ይሞላል።

አንድ የቃል ማሳሰቢያ፦ በጋራዥ «ማሳ» ሲባል የሚሰሙት ኤሌክትሪኩ በትራክተሩ ብረት በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበት መስመር ነው። ከእርሻ ማሳ ጋር እንዳይምታታ በዚህ ጽሑፍ «ቦዲ» እለዋለሁ።

ዝግጅት

የሚከተሉትን ሳያሟሉ አይጀምሩ፦

– ቮልት የሚለካ መልቲሜትር። ርካሹም ይበቃል፤ የራሱ ባትሪ እንዳልደከመ ግን አስቀድመው ይዩ።
– የቡሎን መፍቻ ቁልፎች፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ።
– የሽቦ ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት።
– ሙቅ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ፤ ሶዳው የአሲድ ዝገትን ያረክሳል።
– የተጣራ የባትሪ ውሃ፣ ቫዝሊን ወይም ግራሶ።
– የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት።
– ቁልፉን የሚያዞርልዎት አንድ ሰው። ይህን ሥራ ብቻዎን አይሥሩ።

የእጅ ሰዓትና ቀለበት ያውልቁ። በባትሪው ጫፍና በትራክተሩ ብረት መካከል የገባ ቀለበት በቅጽበት ግሎ ጣት ያቃጥላል።

ደረጃ 1፦ ትራክተሩን ያስሩ

1. ትራክተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙና የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ።
2. የሁለቱንም የኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ በድንጋይ ወይም በግንድ ይደግፉ።
3. ዋናውንም የከባድና የቀላል መምረጫውንም ማርሽ ዜሮ ላይ ያድርጉ፣ ከኋላ የሚዞረውን ዘንግ ያላቅቁ፣ ማረሻውን መሬት ላይ ያሳርፉ።
4. ልጆችንና ተመልካቾችን ያርቁ፤ በተለይ ከኋላ ጎማ ፊት ማንም አይቁም።

ብርቱ ማስጠንቀቂያ። መሬት ላይ ቆመው የሶሌኖይዱን ሁለት ወፍራም ጫፎች በካቻቪቴ በማገናኘት ትራክተር የማስነሳት ልማድ አለ። ይህ አሠራር የማርሹን ደኅንነት ስዊች ስለሚዘል፣ ማርሽ ውስጥ የቀረ ትራክተር ወዲያው ተነስቶ ፊቱ ያለውን ሰው በኋላ ጎማው ይረግጣል። በየአገሩ ሰው የገደለ አሠራር ነው። «እኔ ለምጄዋለሁ» የሚል ሹፌር ካለዎት ቁልፉን ይውሰዱበት። በዚህ መመሪያ ውስጥ ካቻቪቴ አገናኝቶ ማስነሳትን የሚጠይቅ አንድም ደረጃ የለም።

ደረጃ 2፦ ድምፁን ያዳምጡ

ረዳትዎ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቁልፉን ለአምስት ሰከንድ ያዙር። እርስዎ ከጎን ሆነው ያዳምጡ፤ መብራት ካለው አብርተው ድምቀቱን ይመልከቱ።

ምንም ድምፅ ካልተሰማና መብራቱ ድምቀቱን ካልቀነሰ፣ ትእዛዙ ሶሌኖይዱ ዘንድ አልደረሰም። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በቀጭኑ መንገድ ላይ ነው። ቢሆንም ደረጃ 3ን ሳይዘሉ ወደ ደረጃ 5 ይሂዱ።

አንድ ጠንካራ «ጠቅ» ወይም ተከታታይ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ከተሰማ፣ ትእዛዙ ደርሷል፣ ኃይሉ ግን አልተከተለም። ባትሪው ደክሟል ወይም ወፍራሙ መንገድ ታንቋል።

ሞተሪኖው ሞተሩን ሳያዞር ብቻውን ከጮኸ፣ ጥርሱ ቮላኖውን አልያዘም። ደረጃ 6ን ይመልከቱ።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሳ፣ ኤሌክትሪኩን ይተዉና ወደ ደረጃ 7 ይለፉ። «በደንብ» ስል ግን በለመዱት ፍጥነት ማለቴ ነው፤ ከተጠራጠሩ ደረጃ 3ንና 4ን ይሥሩ።

ሞተሪኖን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በላይ በተከታታይ አያዙሩ፤ በየመካከሉም ቢያንስ አንድ ደቂቃ ያሳርፉ። «ሊነሳ ነው፣ ሊነሳ ነው» እየተባለ ሳይቋረጥ የሚዞር ሞተሪኖ ውስጡ ያለው ብየዳ ይቀልጣል፤ መጀመሪያ ያልነበረ ብልሽትም ይጨመራል።

ደረጃ 3፦ ባትሪውን ይፈትሹ

ባትሪ በተለይ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል። ሲጋራ፣ ክብሪትና ሻማ አያስጠጉ። የውሃውን መጠን በክብሪት ብርሃን ማየት ፊትን ለአሲድ መስጠት ነው።

1. የባትሪውን ላይ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። በሁለቱ ጫፎች መካከል የደረቀ የዋልካ ጭቃና የአሲድ እርጥበት ካለ ኤሌክትሪክ በላዩ ቀስ እያለ ይፈስሳል፤ ትራክተሩ ቆሞ ባደረ ቁጥር ባትሪው ይደክማል።

2. በመጀመሪያ የቦዲውን፣ ከዚያ ሌላውን ማሰሪያ ይፍቱ። ሲያስሩ ግን የቦዲውን መጨረሻ ያድርጉ። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ሰው መፍቻው በስህተት ብረት ቢነካበትም ብልጭታ አይፈጠርበትም። በጣም ያረጁ አንዳንድ የእንግሊዝ ሥሪት ትራክተሮች ከቦዲ ጋር የሚያስሩት ፖዘቲቩን ነበር፤ የእርስዎ የትኛውን እንደሚያስር ከመፍታትዎ በፊት በቀለም ምልክት ያድርጉበት።

3. ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ በጥብጠው ያፍሱበት፤ ክዳኖቹ ጥብቅ ይሁኑ፣ ሶዳ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። መፍላቱ ሲያቆም በንጹሕ ውሃ ያጥቡና የባትሪውን ጫፎችም የማሰሪያዎቹንም ውስጥ እርሳሱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ።

4. ክዳኖቹን ከፍተው ውሃው የእርሳስ ሳህኖቹን መሸፈኑን ይዩ። ከጎደለ የተጣራ ውሃ ብቻ ይጨምሩ። የምንጭ ወይም የቧንቧ ውሃ በውስጡ ያለው ማዕድን ሳህኖቹን ይጎዳል፤ አሲድ መጨመርም የባትሪውን ዕድሜ ያሳጥራል።

5. ማሰሪያዎቹን መልሰው አጥብቀው በላያቸው ቫዝሊን ይቀቡ። ቫዝሊኑ የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ነው።

6. ትራክተሩ ለጥቂት ሰዓታት ሳይነሳ ከቆየ በኋላ በሁለቱ ጫፎች ላይ ቮልቱን ይለኩ። 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ገደማ፣ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። 12.0 ከሆነ ሩብ ያህል ብቻ ስለቀረው ሳይሞላ ፍተሻውን አይቀጥሉ።

7. አሁን የማጥፊያውን ገመድ ሙሉ በሙሉ ይሳቡ፤ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም። ረዳትዎ ቁልፉን ሲያዞር ቮልቱን ያንብቡ። ከ9.6 በታች ከወረደ፣ ባትሪውም አስቀድሞ ሙሉ ከነበረ፣ ባትሪው ከውስጥ ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ደህና መሆኑ የታወቀ ሌላ የትራክተር ባትሪ ተውሰው ይህንኑ ልኬት ይድገሙ።

ከአነስተኛ መኪና የተወሰደ ባትሪ ሲለካ ያንኑ 12.6 ያሳያል፤ የናፍጣ ሞተርን ለማዞር የሚያስፈልገው አምፔር ግን የለውም። በቮልቱ አይታለሉ።

ከሌላ ተሽከርካሪ ኃይል የሚዋሱ ከሆነም ይጠንቀቁ። ብዙ የጭነት መኪናዎች 24 ቮልት ናቸው፤ ከእነሱ ሁለት ባትሪ በአንድ ላይ ወስዶ ከ12 ቮልት ትራክተር ጋር ማገናኘት ዲናሞውን ያቃጥላል፣ ባትሪውንም ሊያፈነዳ ይችላል። ከባለ 12 ቮልት ተሽከርካሪ ሲዋሱ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ ያገናኙ፤ የመጨረሻውን ጫፍ ግን ከደከመው ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ ከሞተሩ ንጹሕ ብረት ጋር ያስሩ።

ደረጃ 4፦ ወፍራሙን መንገድ ይለኩ

ይህ ደረጃ ብዙ ሰው የማይሠራው፣ ነገር ግን ብዙ ጥፋት የሚገኝበት ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ሰጥተው ያንብቡት።

ኬብል ሲታይ ደህና መስሎ ውስጡ የታነቀ ሊሆን ይችላል። የአንድ መቶኛ ኦም ያህል እንቅፋት ቢኖር፣ 200 አምፔር ሲያልፍበት ሁለት ቮልት ይበላል። ከ12 ቮልት ላይ ሁለቱ ከጎደለ ሞተሪኖው በሚያስፈልገው ፍጥነት አያዞርም። አንድ መቶኛ ኦም ደግሞ በተራ መልቲሜትር የኦም መለኪያ አይታይም፤ በአምፑል መሞከርም አያወጣውም፣ ምክንያቱም አምፑል የሚስበው ጥቂት አምፔር ስለሆነ በታነቀውም ኬብል ቦግ ብሎ ይበራል። «በአምፑል ሞክሬዋለሁ፣ ኬብሉ ደህና ነው» የሚል ብዙ ሰው የተሳሳተው በዚህ ነው። መለካት ያለበት ሞተሪኖው እየዞረ ወይም ለመዞር እየታገለ ሳለ ነው።

የማጥፊያው ገመድ እንደተሳበ ይቆይ። መልቲሜትሩን በቮልት ላይ ያድርጉና ረዳትዎ ቁልፉን በያዘ ቁጥር እንዲህ ይለኩ፦

1. ፖዘቲቩን ወገን። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሪኖው ዋና ቡሎን ላይ ያድርጉ። እርሳሱን ራሱን ይንኩ እንጂ ማሰሪያውን አይደለም፤ አለዚያ የማሰሪያው ጥፋት ከልኬቱ ውጭ ይቀራል። የሚነበበው ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለበትም።

2. ቦዲውን ወገን። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሪኖው ቤት ንጹሕ ብረት ላይ ያድርጉ። ከ0.3 ቮልት መብለጥ የለበትም።

3. ከተጠቀሰው በልጦ ካገኙ መንገዱን ይከፋፍሉ። ከእርሳስ እስከ ማሰሪያ፣ ከማሰሪያ እስከ ኬብሉ መጨረሻ፣ ከኬብሉ መጨረሻ እስከ ቡሎኑ፣ ከአንዱ የሶሌኖይድ ወፍራም ጫፍ እስከ ሌላው ለየብቻ ይለኩ። ቮልቱ የታየበት ቁራጭ ጥፋተኛው እሱ ነው። እዚህ ላይ መገመት አያስፈልግም፤ መልቲሜትሩ ቦታውን ራሱ ያሳይዎታል።

4. የቦዲ ኬብሉን ቡሎን ይፍቱ፤ ከሥሩ ያለውን ቀለም፣ ዝገትና ጭቃ ብረቱ እስኪያበራ ይፋቁ፤ ሮንዴላውንም ያጽዱ፤ አጥብቀው ይሰሩና ግራሶ ይቀቡ። የሞተሪኖው ቤት ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ፊትም መንገዱ ነው፤ ዘይትና ቀለም ካለበት ሞተሪኖው ወርዶ ይጽዳ።

የተቆረጠ ኬብል በቤት መብራት ሽቦ ወይም በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ተጠምዝዞ የተተካበት ትራክተር ጥቂት አይደለም። ለሞተሪኖ የሚሆነው ኬብል መዳብ፣ ውፍረቱም ቢያንስ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። ጫፉ በመዶሻ የተደቆሰ ሳይሆን በማጥበቂያ መሣሪያ የተጠበቀ መሆን አለበት። ሞተሪኖው ሲዞር ከቆየ በኋላ ኬብሉ በእጅ ሲነካ አንድ ቦታ ላይ የሚግል ከሆነ፣ ያ ቦታ የታነቀ መሆኑን ያለ መልቲሜትርም ያሳውቃል።

ደረጃ 5፦ ቀጭኑን መንገድ ይከተሉ

ቁልፍ ሲዞር ምንም ድምፅ የማይሰማ ከሆነ ከቁልፍ ቤቱ በፊት ማርሹን ያስቡ። በማሲ ፈርጉሰን 135 ላይ የከባድና የቀላል መምረጫው ማርሽ መካከል፣ ዜሮ ላይ ካልሆነ የደኅንነት ስዊቹ አይገናኝም። መምረጫውን ከዜሮ ወዲህና ወዲያ ነቅነቅ አድርገው መልሰው ይሞክሩ፤ ከተነሳ ስዊቹ ወይም ማስተካከያው አርጅቷል ማለት ነው።

ካልተነሳ በመልቲሜትር ይቀጥሉ። ጥቁሩን ጫፍ ከንጹሕ ቦዲ ጋር ይያዙ፤ ረዳትዎ ቁልፉን በማስነሻ ቦታ እንደያዘ በቀዩ ጫፍ በየተራ ይንኩ፦ የቁልፍ ቤቱን መግቢያ፣ የቁልፍ ቤቱን የማስነሻ መውጫ፣ የደኅንነት ስዊቹን መግቢያ፣ መውጫውን፣ በመጨረሻም የሶሌኖይዱን ትንሽ ጫፍ። ኤሌክትሪክ ያለበት የመጨረሻ ቦታና የሌለበት የመጀመሪያ ቦታ ጥፋቱን በመካከላቸው ይዘውታል። ሶሌኖይዱ ዘንድ ከባትሪው ብዙም ያልራቀ ቮልት ደርሶ፣ ቦዲውም በደረጃ 4 ተፈትሾ፣ ሶሌኖይዱ ግን ዝም ካለ ሶሌኖይዱ ተበላሽቷል።

የደኅንነት ስዊቹ ቢበላሽ ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝቶ «ማለፍ» ቀላል መፍትሔ ይመስላል። አያድርጉት። ስዊቹ የሹፌሩን ሕይወት የሚጠብቅ ዕቃ ስለሆነ እስኪገኝ ቢያስጠብቅም አዲስ ይግጠሙ።

ደረጃ 6፦ ሞተሪኖና ቮላኖ

ባትሪው፣ ወፍራሙና ቀጭኑ መንገድ ደህና ሆነው ሞተሪኖው ከደከመ፣ አሁን መፍታት ይገባል። ባትሪውን ከቦዲው ሳያላቅቁ የሞተሪኖውን ቡሎን አይንኩ፤ ያ ቡሎን ምንጊዜም ኃይል አለበት። ሞተሪኖው ከባድ ስለሆነ ከሥሩ ደግፈው ያውርዱት። ካርቦኖቹ አልቀው ከሆነ፣ ቡሾቹም ተበልተው ዘንጉ ሲነካ የሚላወስ ከሆነ፣ ለሞተሪኖ ባለሙያ ይስጡ። ሜዳ ላይ አይክፈቱት።

ሞተሪኖው ከወረደ በቀዳዳው የቮላኖውን ጥርሶች ዙሪያውን ይመልከቱ። የቆመ ሞተር ሁልጊዜ የሚቆመው በተወሰኑ ቦታዎች ስለሆነ፣ ሞተሪኖው የሚመታቸውም ያንኑ ጥርሶች ነው። ባለ ሦስት ሲሊንደሩ 135 ወይም 240 በሦስት ቦታ፣ ባለ አራት ሲሊንደሩ 165 ወይም 290 በሁለት ቦታ ተበልቶ ይገኛል። «አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ ይጮሃል» የሚባለው ትራክተር ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ይህ ነው። አዲስ ሞተሪኖ ይህን አያድንም፤ እንዲያውም በተበላ ጥርስ ላይ የአዲሱም ጥርስ ይሰበራል። የቮላኖውን የጥርስ ቀለበት ለመቀየር ትራክተሩ ከመሃል ስለሚከፈል ሥራው የጋራዥ ነው፤ ፍሪሲዮኑም አርጅቶ ከሆነ በዚያው ጊዜ ይቀየር።

ደረጃ 7፦ በደንብ ይዞራል፣ ግን አይነሳም

መጀመሪያ የማጥፊያውን ገመድ ወደ ቦታው ይመልሱ። ከዚያ ከመቀመጫው ወርደው ከፖምፓው ጋር የተያያዘው ክንድ በእርግጥ መመለሱን በዓይንዎ ይዩ፤ በጭቃና በዝገት የተያዘ ገመድ እጀታው ቢገባም ክንዱን እንደተዘጋ ሊያስቀረው ይችላል። ለዚህ ብቻ ፖምፓ የተፈታበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎ እየዞረ ሳለ የጭስ ማውጫውን ይመልከቱ። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ግለቱ ግን አልበቃም፤ ስለዚህ ማሞቂያውንና የመዞሪያ ፍጥነቱን ይፈትሹ። ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣው አልደረሰም፤ በመስመሩ አየር ገብቷል፣ ፊልትሮው ተደፍኗል ወይም ናፍጣው አልቋል።

ማሞቂያው። ቁልፉን በማሞቂያ ቦታ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይያዙና ሳይለቁ ወደ ማስነሻው ያዙሩ። ካልሠራ ቁልፉ በማሞቂያ ቦታ እንደተያዘ በቴርሞስታርቱ ጫፍ ቮልት መድረሱን ይለኩ። ቮልት ደርሶ አካሉ የማይሞቅ ከሆነ ተቃጥሏል። ሞቆ ለውጥ ከሌለ ወደ እሱ የምትመጣው ቀጭን የናፍጣ ቱቦ ደርቃለች ወይም ተደፍናለች።

ብርቱ ማስጠንቀቂያ። ቴርሞስታርት ባለው ሞተር ላይ የማስነሻ ስፕሬይ ወይም ቤንዚን በአየር ማስገቢያው አይርጩ። ውስጡ የጋለ ማሞቂያ ስላለ እዚያው ሊፈነዳ፣ ፊትንም ሊያቃጥል ይችላል።

አየር ማስወጣት፦

1. በመጀመሪያ የናፍጣውን መጠንና የፊልትሮውን ንጽሕና ይዩ፤ በፊልትሮው ሥር ውሃ ካለ ያፍስሱ። የሚከፍቷቸውን ቡሎኖች ዙሪያ ጭቃ አስቀድመው ይጥረጉ።
2. የፊልትሮውን የላይ ማስተንፈሻ ቡሎን ያላሉና የመሳቢያውን ፖምፓ የእጅ መግፊያ ደጋግመው ይግፉ፤ አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲወጣ ይዝጉ። መግፊያው ምንም የማይስብ ከሆነ የፖምፓው መግፊያ በሞተሩ ውስጥ እንደተገፋ ቆሟል፤ ሞተሩን ጥቂት አዙረው እንደገና ይሞክሩ።
3. በዋናው ፖምፓ ጎን ያለውን፣ ቀጥሎ በላዩ ያለውን ማስተንፈሻ በዚሁ መንገድ ያስተንፍሱ። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡ።
4. የኢንጀክተሮቹን ቱቦዎች ዳዶ በግማሽ ዙር ያላሉ፣ የናፍጣውን ማስጨመሪያ እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ናፍጣ እስኪተፋ በሞተሪኖ ያዙሩና አንድ በአንድ ያጥብቁ።

በሚዞርበት ጊዜ እጅዎን ከሚተፋው ናፍጣ ያርቁ፤ ከኢንጀክተር በግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። እንዲህ ያለ ጉዳት ሲታይ ትንሽ ነጥብ ቢመስልም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው።

አየሩ ወጥቶ፣ ማሞቂያው ሠርቶ፣ በጥሩ ፍጥነት እየዞረም ነጭ ጭስ ብቻ ከቀጠለ፣ የሞተሩ የማመቅ አቅም ወይም ኢንጀክተሮቹ ይመርመሩ። ይህ ከዚህ መመሪያ ወሰን ውጭ ነው።

ትራክተሩን ቁልቁለት ላይ አንከባሎ ማስነሳትን እንደ መፍትሔ አይያዙት። በእርጥብ የዋልካ መሬት ላይ የኋላ ጎማው ይንሸራተታል፣ መሪው በሃይድሮሊክ የሚታገዝ ከሆነም ያልተነሳ ትራክተር እንደ ተነሳው በመሪ አይታዘዝም።

ደረጃ 8፦ ከተነሳ በኋላ

ሞተሩን ከመካከለኛ ፍጥነት ትንሽ ከፍ አድርገው በባትሪው ጫፎች ላይ ቮልቱን ይለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 ከሆነ ዲናሞው እየሞላ ነው። 12.5 አካባቢ ከቀረ ቺንጋውን ይጫኑ፤ በመካከሉ ሲጫን ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ሊረግብ ይገባዋል። ቺንጋው ደህና ከሆነ ዲናሞው ለባለሙያ ይታይ። ከ15 በላይ ካነበቡ ባትሪው እየተቀቀለ ነውና ሞተሩን አጥፍተው ያሠሩት። ሞተሩ እየሠራ ዲናሞውን «ለመፈተን» የባትሪውን ማሰሪያ አይፍቱ፤ የኋለኞቹ ሞዴሎች ዲናሞ በዚያው ይቃጠላል።

ማታ ሲያጠፉ የማጥፊያውን ገመድ ይሳቡ፣ ሞተሩ ሲቆም ቁልፉንም ወደ ማጥፊያው ያዙሩ። ሞተሩ በገመዱ ስለቆመ ብቻ ቁልፉ ክፍት የሚያድርበት ትራክተር ጧት ባትሪው ወርዶ ይገኛል።

በመጨረሻ አራት ቁጥሮች ከነቀናቸው በመሣሪያ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ በማይለቅ ቀለም ይጻፉ፦ ባትሪው ቆሞ ያለው ቮልት፣ እየዞረ ያለው ቮልት፣ በፖዘቲቩና በቦዲው ወገን የጠፋው ቮልት። በሚቀጥለው ግንቦት፣ የመጀመሪያው ማሳ ከመታረሱ አንድ ሳምንት በፊት፣ እነዚያኑ ቦታዎች እንደገና ለክተው ከአምናው ቁጥር ጋር ያስተያዩ። ከፍ ብሎ የተገኘው የኬብል ልኬት ወይም ዝቅ ብሎ የተገኘው የባትሪ ልኬት መጀመሪያ የሚፈታውን ቡሎን ያመለክትዎታል።